የአዲ አርቃይዋ ልጅ ማተብ

የጥፍር መቁረጫ ቀጭ ቀጭ ሲል በሰማሁ ቁጥር ሁለት እጄ ሳላዘው ወደ ፊት ይዘረጋል። መሥሪያ ቤት ልሁን ጸጉር ቤት፣ ያ ድምፅ ከመጣ የአባቴ ፊት አብሮት ይመጣል፤ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ከአሥሩ ጣቶቼ መካከል ጥፋተኛውን ሲፈልግ።

አባቴ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የልጆች ቅርጫት ኳስ ዳኛ ነበር። እንጀራው የሚገኘው ከመጀመሪያው ሥራ ቢሆንም ጎንደር የሚያውቀው በሁለተኛው ነው። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን ቡድኖች ፊት ለፊት አሰልፎ፣ ኪሱ ላይ በክር ያንጠለጠላትን ጥፍር መቁረጫ ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድ ነበር፤ የረዘመውን ጥፍር ያስቆርጣል፣ ጉትቻና አምባር ያስወልቃል፣ ከቁምጣ የወጣውን ማሊያ ያስገባል፣ ቁጥሯን በመርፌ ቁልፍ አያይዛ የመጣችውን ልጅ ደግሞ «ይቺ መርፌ የማን ዓይን ውስጥ እንደምትገባ ታውቂያለሽ?» ብሎ ወደ እናቴ ይልካታል። እናቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳትወድ የቡድኑ ሁሉ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ክርና መርፌ በቦርሳዋ ይዛ ደረጃው ላይ ትቀመጥና ስድስትና ዘጠኝ ቁጥር ስትሰፋ ትውል ነበር። የአራዳ ልጆች አባቴን «አያ ጥፍሬ» ብለው ስም አውጥተውለት ነበር፤ እሱም ሰምቷል፣ ግን አልከፋውም። «ስም ያወጡልኝ ልጆች ጥፍራቸውን ቆርጠው ከመጡ ምን ቸገረኝ» ይል ነበር።

ቤታችንም ከሜዳው የተለየ አልነበረም። ጧት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት በሩ ላይ አቁሞኝ እጄን፣ አንገቴን፣ የጫማዬን ማሰሪያ ሲያይ፣ እናቴ ከጓዳ ሆና «ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት ነው የምትሄደው ወይስ ፍርድ ቤት?» ትለው ነበር። እኔ ግን ነገሩን እወደው ነበር፤ ለሌሎቹ ልጆች በሳምንት አንድ ቀን የሚደርሳቸው ምርመራ ለእኔ በየቀኑ ስለሚደርሰኝ ከሁሉም የበለጥሁ ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ የሲሚንቶው ሜዳ በጥቅምት ፀሐይ ሲደርቅ የትምህርት ቤቶች ውድድር ይጀመር ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ እኔም ለትምህርት ቤታችን የሴቶች ቡድን ተመረጥሁ። በከተማው ዳኛ ጥቂት ስለነበር የእኛንም ጨዋታ የሚመራው አባቴ ነበር፤ ሰዎች «የዳኛ ልጅ ምን ይጎድልባታል» ሲሉ እሰማለሁ፣ የጎደለብኝን ግን እኔ አውቃለሁ። ሌላዋ ልጅ ብትገፋኝ እያየ ያልፍ የነበረ ሰው፣ እኔ እጄን ዘርግቼ ከነካኋት ፊሽካው ከአፉ አይወጣም። አንድ ጊዜ ባማርረው «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ላንቺ አንዲት ቀዳዳ ብከፍት የከተማው ልጅ ሁሉ ይገባብኛል» አለኝ።

ጥር ላይ፣ ለጥምቀት፣ እናቴ ግማሽ ቀን ሙሉ ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ሹሩባ ሠራችልኝ፤ በየጫፉም ቀይና ነጭ ዶቃ ሰካችበት። ሸጋ ሆኜ ነበር፤ ስሄድ ዶቃው እየተጋጨ ሲንሿሿ እሱን ለመስማት ብዬ ብቻ ጭንቅላቴን እነቀንቅ ነበር። በበዓሉ ማግሥት ቅዳሜ ጨዋታ ነበረን። ጧት አብረን ቁርስ በልተን፣ አብረን ወርደን፣ አባቴ ስለ ዶቃው አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሜዳ ደረስን። ሰልፍ ላይ እኔ ጋ ሲደርስ ግን መነጽሩን አወረደና «ዶቃው ይውለቅ» አለ።

እንባዬ ዱብ ዱብ እያለ ተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ተቀምጬ ዶቃ ስለቅም የጨዋታው ግማሽ አለቀ። እናቴ ወርዳ ታግዘኝ ጀመር፤ አባቴ በአጠገባችን ሲያልፍ «ጧት ቤት ሳለች አላየሃትም?» አለችው።

«ጧት አባቷ ነበርሁ» ብሏት አለፈ።

ስገባ በአንድ ወገን ጸጉሬ የተሠራ፣ በሌላው የተፈታ ነበር፤ የራሴ ቡድን እንኳ ሳቀብኝ። እናቴ ያን ሳምንት ወጡን ፊቱ እያስቀመጠች አብራው ሳትቀርብ ትመለስ ነበር። እኔ ደግሞ በልቤ ቂም ያዝሁበት።

ፋሲካ አልፎ ለዞኑ ፍጻሜ ደረስን። ያሸነፈ ባሕር ዳር ሄዶ ለክልሉ ውድድር ይጫወታል ተባለ፤ እኔ እስከዚያ ቀን ከከተማው ወጥቼ የማውቀው እዚያው ጫፉ ላይ እስካለችው ወለቃ ነበር። ሐይቁን በህልሜ እስከማየው ድረስ ጓጓሁ። የገጠመን የአዲ አርቃይ ቡድን ነበር። ሰባት ልጆች በሚኒባስ ተነሥተው የሊማሊሞን ጥምዝማዝ ሲወጡ ሁለቱን እያስመለሳቸው ስለመጡ ሜዳው ዳር ነጠላ ለብሰው ተጋድመዋል፤ ለጨዋታ የቆሙት አምስት ብቻ ነበሩ። አምስት ካልሞላ ደግሞ ጨዋታ አይጀመርም።

አባቴ እየመረመረ መጨረሻ ላይ የቆመችው ልጅ ጋ ደረሰ። ትርንጎ ትባላለች፤ ከሁላችንም የረዘመች፣ ስምንት ቁጥር የለበሰች ናት። አንገቷ ላይ ወፍራም ጥቁር ማተብ አስራለች። ማተብ አዲስ ነገር አልነበረም፤ አባቴ የማንንም ማተብ ሳያስፈታ፣ ከሆስፒታል በሚያመጣው ነጭ ፕላስተር ከቆዳ ጋር ለጥፎ ያስተኛው ነበር፤ የራሱንም ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲሁ ለጥፎ ነበር የሚወጣ። የትርንጎ ግን የክብሪት ቀፎ የሚያህል፣ አራት ጫፉ የሾለ የብረት መስቀል ነበረበት።

«ይኼ ሰው ይቆርጣል፣ ልጄ። መስቀሉን አውጪና ላሰልጣኝሽ ስጪው፤ ማተቡን እኔ አስተኛዋለሁ» አላት።

«አያ፣ መስቀሉ ከማተቡ ጋር ነው የተቋጠረ። ማተቡ ካልተፈታ አይወጣም።»

አባቴ መስቀሉን በጣቱ ገልብጦ አየው። የቄስ ልጅ ነው፤ ማተብሽን ፍቺ የሚል ቃል ከአፉ ሊወጣ አይችልም። ያን መስቀል ይዛ ትግባ ማለትም አይችልም። አሰልጣኛቸው፣ ገና ጢሙ ያልጠና ወጣት፣ መጥቶ «ምነው ጌታዬ፣ ይኼን ሁሉ አገር አቋርጠን መጥተን?» ሲለው ዓይኑን ከመስቀሉ አላነሣም። የእኛ አምበል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ባሕር ዳር ገባን» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከደስታዬም በላይ የእኔን ዶቃ ያስለቀመ ሰው ለዚህች ልጅ ምን እንደሚል ለማየት ቸኮልሁ።

«ማን ነው ያሰረልሽ?» አላት አባቴ።

«እናቴ።» ቁልቁል መሬት መሬቱን እያየች ነበር። «ዓረብ አገር ልትሄድ ስትል አሰረችልኝ። እስክመለስ ካንገትሽ እንዳይጠፋ ብላኛለች።»

አባቴ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተና ወደ ደረጃው ቀና ብሎ «ሙሉ፣ እስቲ ቦርሳሽን ይዘሽ ነይ» ብሎ እናቴን ጠራት። ስትመጣ በጆሮዋ የነገራትን አልሰማሁም። እናቴ ግን ብዙ አልጠየቀችም፤ ቁጥር የምትሰፋበትን ጥቁር ክር አወጣች፣ ሦስት አድርጋ ጉልበቷ ላይ አከረረችው፣ ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞራ «አንገትሽ ባዶ አይሆንም፣ የኔ ልጅ። አዲሱ ሳይታሰር አሮጌው አይፈታም» አለቻት። በስመ አብ ብላ ቀጭኑን ማተብ ከወፍራሙ በታች አሰረችላት።

አሮጌው ግን አልፈታ አለ። ላብ ያደረቀው ቋጠሮ ድንጋይ ሆኗል። እናቴ በመርፌ ጫፍ ክሩን አንድ በአንድ ስትፈለቅቅ፣ ተመልካቹ ሲያጉረመርም፣ የእኛ አሰልጣኝ ሰዓት አልፏል እያለ ሲጮህ፣ አባቴ ተጨንቆ የፕላስተሩን መቀስ ዘረጋላት።

«መቀስህን ወዲያ አድርግ» አለችው፤ ቀና ብላም አላየችውም።

አሰልጣኛችን አባቴን ክንዱን ይዞ «ሕጉ ይከበር እንጂ! ልጅህም እኮ ያለችው በዚህ ቡድን ነው» አለው።

«ለዚያ ነው የማልቸኩለው» አለ አባቴ።

ቋጠሮው መጨረሻ ላይ ተፈታ። ትርንጎ እጇን ወደ አንገቷ ሰድዳ ቀጭኑን ክር ዳሰሰችው፤ አባቴም በፕላስተር ለጠፈላት። እናቴ መስቀሉን ከነማተቡ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ጨብጣ «ይኸው፣ ከእጄ አይወጣም። ሲያልቅ እኔው አስርልሻለሁ» አለቻትና ወደ ደረጃዋ ተመለሰች።

በሁለት ነጥብ አሸነፉን። ትርንጎን እንድይዝ የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ፤ አልያዝኋትም፣ የሚይዛትም አልነበረም። ፊሽካው እንደተነፋ እናቴ ወርዳ፣ በአጠገቤ አልፋ፣ ማተቧን ልታስርላት ወደ ትርንጎ ሄደች። ጨዋታውን ሙሉ ከመጨበጧ የተነሣ መስቀሉ የእናቴ መዳፍ ላይ ታትሞ ነበር። እኔ ማንንም ሳልጠብቅ ብቻዬን ዳገቱን ወጥቼ ቤቴ ገባሁ።

ያ ቂም እስከ ሐምሌ ድረስ ቆየ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ጥፍሬን ሲቆርጥ፣ አወጣሁት። «ለእኔ ዶቃ አንድ ደቂቃ አልጠበቅህም። ለእሷ ግን አገሩን ሁሉ አቆምህ።»

እጄን አልለቀቀም። «ያንቺን ሹሩባ እናትሽ በሳምንቱ መልሳ ሠራችልሽ» አለ። «የሷን ቋጠሮ ማን ይመልስላት ነበር?» ቀጥሎ ያለውን ጣቴን ያዘና፣ ቀጭ አድርጎ፣ «ዶቃውን ግን ጧት ቤት ሳለን ልነግርሽ ይገባ ነበር። ሰው ፊት እስክትቆሚ በመጠበቄ ደግ አልሠራሁም» አለኝ። አባቴ ጥፋቴ ነው ሲል ያን ቀን ገና ሰማሁት፤ ባሕር ዳር ብሄድ እንኳ ያን ያህል ደስ አይለኝም ነበር።

ዛሬ ባሕር ዳርን አይቼ ጠግቤያለሁ፤ ሥራዬ ያመላልሰኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በዚያው ሜዳ ፊሽካ የምነፋው እኔ ነኝ። ልጆቹ ቁጥሩ የታተመበት ማሊያ ለብሰው ይመጣሉ፣ በመርፌ ቁልፍ የሚያያይዝ የለም። አሰልጣኞቹ ሕጉን በስልካቸው ይዘውታል፤ መስቀል ያለባት ልጅ ከቤቷ አውቃ፣ ቀጭን ክር አስራ ትመጣለች። ሁለቱን ቡድን አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አጣርቼ ጨዋታ አስጀምራለሁ፣ በዚህም እመሰገናለሁ። አባቴ ያኔ አንዱን ልጅ የማን ልጅ ነህ፣ ሌላዋን ይኼን አምባር ማን ሰጠሽ ሲል ጨዋታው ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር። እኔ ፈጣን ነኝ፤ የብዙዎቹን ስም እንኳ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልጅ አንገቷን በእጇ ሸፍና ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆመች። ደንቡን ልነግራት አፌን ከከፈትሁ በኋላ ተውሁትና፣ ማተቧን ማን እንዳሰረላት ጠየቅኋት። አያቷ ናቸው፤ ከየት እንደመጡ፣ እንዴት እንደታመሙ፣ ምን ብለው እንዳሰሩላት አንድ ሳታስቀር ነገረችኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰዓት ያዥ ሁለት ጊዜ እጁን ቢያወጣም እስክትጨርስ ጠበቅኋት።