የአቶ ያን ሸክም

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ አምስተርዳም ስሎተርቫርት ሰፈር ውስጥ ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ ስኖር ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤቴ አቶ ያን ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ተሸክመው ደረጃውን ሲወጡ አገኘኋቸው። ሽማግሌ ተሸክሞ እኔ እጄን እያወናጨፍኩ ልሄድ? ተቀበልኳቸውና አራተኛ ፎቅ አደረስኩላቸው። ወዲያው ይዘውት ወረዱ። እርጅና ነው ብዬ አዘንኩና እንደገና ተሸከምኩላቸው። ሦስት ቀን ሙሉ እሳቸው እያመሰገኑ ከኋላ፣ እኔ እያላበኝ ከፊት።

በአራተኛው ቀን ሚስታቸው በሩን ከፍተው ጮኹ።

"ልጄ፣ ቦርሳው ውስጥ ያለው ድንጋይ እኮ ነው! አልፕስ ተራራን ብቻውን ሊወጣ እየተለማመደ ነው። ያገርህ ባህል መስሎት ነው ዝም ያለህ። እዚያ ቢወድቅ ማን ይሰማዋል?"

ሴትዮዋ አሳዘኑኝ። እኔ አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ ስቆም የሚያዞረኝ ሰው ነኝ፤ ስለ ተራራ ግን ምክር አላጣሁም።

"ብቻዎን አይሂዱ፣ አቶ ያን። እግርዎ ቢሰበር ማን ይሸከምዎታል?"

ቦርሳውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ብዙ አሰቡ።

በሳምንቱ እየሳቁ በሬን አንኳኩ። "ምክርህን ሰማሁ። ብቻዬን አልሄድም።"

"እሰየው! ከማን ጋር ሊሄዱ ነው?"

የያዙትን ገመድ በወገቤ ዙሪያ ይለኩ ጀመር።