ወንድሜን በቀበቶው የያዝኩበት ቀን

ነገሩ የሆነው ያለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። ሙሉውን ለማንም አውርቼው አላውቅም። እዚህ ስጽፈውም የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ።

የምኖረው ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ ነው። ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ታንክ በማጠብ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ደግሞ አውስትራሊያ፣ ሂዝኮት የሚባል ብዙ ሰው የማያውቀው የቀይ ወይን አገር ይሠራል። ስድስት ዓመት ስላልተያየን ቫኬሽን ወስጄ ልጠይቀው ሄድኩ።

ወይን የሚለቀምበት ሰሞን ስለነበር ዳዊት እረፍት አላገኘም። በሦስተኛው ቀን ሥራ ቦታውን ላሳይህ ብሎ ይዞኝ ሄደና ከጋሽ ተስፋይ ጋር አስተዋወቀኝ። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ወደ ስልሳ የተጠጉ ሰው ናቸው። ዳዊት አገሩ እንደገባ ቤታቸው ያስቀመጡት፣ ሥራም ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ከበርሜል ቀድተው አቀመሱኝና፣ እናንተ ጋ ወይን ይበቅላል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከዴንቨር በስተምዕራብ ካለው ተራራ ማዶ ይበቅላል ብላቸው አላመኑኝም፤ ሳቁ።

ከምሳ በኋላ እርሻውን ዞረን ስንመለስ የአንዱ ታንክ የታችኛው በር ክፍት ነበር። ወይኑ ተቀድቶ አልቆ አተላው ብቻ ቀርቷል። ጋሽ ተስፋይ አተላውን ሊዝቁ ገብተው ኖሮ፣ ከነአካፋቸው በግንባራቸው ተደፍተዋል።

ዳዊት ስማቸውን እየጠራ ወደ በሩ ሮጠ። ከኋላ ቀበቶውን ያዝኩት። ቢራም ሆነ ወይን ሲብላላ የሚያወጣው ጋዝ አይታይም፤ ታንክ ውስጥ ከታቆረ ሰው ለመጣል ሁለት ትንፋሽ ይበቃል። ፋብሪካችን ትሬኒንግ ላይ ደጋግመው የሚነግሩን፣ አንድ ሰው ከወደቀ ሌላው ተከትሎ እንዳይገባ ነው።

“ልቀቀኝ፤ አባቴ ናቸው” አለኝ።

“ከገባህ ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው” አልኩት።

በክርኑ ፊቴን መታኝ። አልለቀቅኩትም። እየጮህኩ ሰው ጠራሁ። በዚያ መሀል የጋሽ ተስፋይ ጣቶች አተላው ላይ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ዳዊት ከእኔ ጋር ሲታገል ፊቱ ወደ እኔ ስለነበር አላየም።

የአየር መተንፈሻ ያደረጉ ሰዎች ደርሰው ሲያወጧቸው ሕይወታቸው አልፎ ነበር። ቀብሩ ላይ ባለቤታቸው እጄን ይዘው፣ ዳዊትን አተረፍክልን አሉኝ። እሱ ግን ተሳፍሬ እስክመለስ ድረስ አላነጋገረኝም።

ከአራት ወር በኋላ ደወለ። ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ እየነዳሁ ነበር፤ ዳር ይዤ ፓርክ አደረግኩ። መርማሪዎቹ ብትገባ ኖሮ አትወጣም ነበር እንዳሉት ነገረኝ። ከዚያ፣ “ስንደርስ በሕይወት ነበሩ?” አለኝ።

“አልነበሩም” አልኩት።

ብዙ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይደውላል፤ መሳቅም ጀምሯል።

ዛሬም ያ ቀን ቢመለስ ቀበቶውን አልለቅም። የሚከብደኝ፣ እሱ ደህና ነህ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ ብዬ መመለስ ነው።