ታላቅየዋ ሰማዩን አየች

ልጅ ሳለሁ፣ ጄኔቭ ለዛቫንሼ በሚባለው የፎቅ ሰፈር፣ እናቴ ማታ ማታ ቢሮ ልታጸዳ ስትሄድ የምትተወኝ ከክርስትና እናቴ ከእትዬ አስካለ ጋር ነበር። እትዬ አስካለ ተረት በኤሌክትሪክ መብራት አይነግሩም። መብራቱን ያጠፉና ከቤተ ክርስቲያን ያመጧትን ጧፍ ግማሽ ድንች ላይ ተክለው ይለኩሷታል፤ ተረቱም እሷ እስክታልቅ ይቆያል። ያኔ የሰሙ ሽታ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣው ቀጭን ጭስ፣ ከግድግዳው ወዲያ የሚያወራው የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ሁሉም ለእኔ የተረቱ አካል ነበሩ።

ከሁሉ የምወደው ስለ ባለ ግንቧ ከተማ የሚነግሩኝን ነበር። ከተማዋ ባሕር ዳር ናት፤ ዙሪያዋን በግንብ ታጥራለች፤ ሰው ግንቡ ላይ እንደ መንገድ ይሄድበታል። ውስጧ ሁለት እህትማማቾች በሰው ቤት ያገለግላሉ። ባሕሩ በየቀኑ ከግንቡ ሥር ተነሥቶ ይሄዳል፤ ሲሄድ ወደ አንድ ቋጥኝ የሚወስድ የአሸዋ መንገድ ይወጣል፤ ቋጥኙ ላይ መስቀል አለ። ታናሽየዋ ሄጄ ካልተሳለምኩ ትላለች። ታላቅየዋ ሰማዩን ታያለች። እዚህ ሲደርሱ እትዬ አስካለ ገና ያላለቀችውን ጧፍ በሁለት ጣታቸው ቆንጥጠው ያጠፏታል።

«ከዚያስ?» እላለሁ።

«ከዚያማ ተኚ።»

እኔ ደግሞ ችክ የምል ልጅ ነበርኩ። አንድ ምሽት ጧፏ ስትጠፋ ተረቱን ራሴ ጨረስኩት። «ከዚያ ታናሽየዋ መስቀሉን ተሳልማ ቤቷ ተመለሰች» አልኩ። እትዬ አስካለ በጥፊ መቱኝ። እጃቸውን አንሥተውብኝ የማያውቁ ሴት! ከዚያ ወዲያ ያንን ተረት አልነገሩኝም፤ እኔም ቂሜን ይዤ አደግሁ።

አግብቼ ዙሪክ፣ አፎልተርን በሚባል ሰፈር መኖር ከጀመርኩ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ባለፈው ነሐሴ ስልክ ደወሉልኝ። «ልቤ ደክሟል። ሳልሞት ባለ ግንቧን ከተማ አንዴ አሳዪኝ» አሉኝ። እኔ እስከዚያች ቀን ከተማዋ ተረት ትመስለኝ ነበር። ለካ ያለችው ፈረንሳይ ነው። እትዬ አስካለ በወጣትነታቸው የዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ሳሉ፣ አሠሪዎቻቸው በየበጋው ይዘዋቸው የሚሄዱት እዚያ ነበር።

ከጄኔቭ በባቡር ተነሥተን በማግሥቱ ግንቡ ላይ ቆምን። ከተማዋ እንደ ነገሩኝ ነበረች፤ ከእኔ ሐሳብ ይልቅ ግን ጠባብና ጥቁር። ባሕሩ ሄዶ ነበር። መስቀሉም ቋጥኙ ላይ አለ። ከግንቡ በር አጠገብ የተለጠፈውን ሰሌዳ አሳዩኝና ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ውሃው የሚመለስበትን ሰዓት ነው የሚለው አልኳቸው።

«ያኔም ነበር። ያላነበብነው እኛ ነን» አሉ።

ከዚያ የተረቱን መጨረሻ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

«ታናሽየዋ እህቴ አልነበረችም። የሺ ትባላለች፤ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ቅዳሴ በሌለበት አገር ጾሙን ብቻ ምን ላድርገው እያለች ስታለቅስ ሰነበተች። ማዳም ስትተኛ ያንን መስቀል ተሳልሜ ልምጣ አለችኝ። በእኛ አገር ወንዝ ሞልቶ ከጎደለ ሰማዩን አይተሽ ትሻገሪያለሽ። ደመና ከሌለ ጎርፍ የለም። አየሁት፤ ጥርት ብሏል። ሂጂ አልኳት።»

ከሩቅ የውሃው ጠርዝ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«የማዳምን ሕፃን ታቅፌ እዚሁ ነበርኩ። ውሃው ከኋላዋ ሲዞር አየሁና እጄን አወዛወዝኩላት። እሷም አወዛወዘችልኝ። ሰላምታ መስሏት። ከሁለት ቀን በኋላ ነው ያገኟት። ለእናቷ ታማ ሞተች ብዬ ጻፍኩ። ሂጂ አልኳት ብዬ እንዴት ልጻፍ?»

በጥፊ የመቱኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኙትን መጨረሻ እኔ እንደ ዋዛ ተናግሬው ኖሯል። አፈርኩ። ከቦርሳቸው ጧፍ አውጥተው ለመለኮስ ሞከሩ፤ ነፋሱ ደጋግሞ አጠፋባቸው። ውሃው መንገዱን ጨርሶ እስኪሸፍነው ቆመን አየን።

እትዬ አስካለ ዘንድሮ ጥምቀት ሳይደርስ አረፉ። አሁን ለልጄ ተረት የምነግራት እኔ ነኝ፤ ድንቹም ጧፉም አልቀረም። ታላቅየዋ ጋ ስደርስ ጣቶቼ ሳላዛቸው ወደ ጧፉ ይሄዳሉ።

«ኡንት ዳን፣ ማሚ? ከዚያስ?» ትለኛለች፣ ጀርመንኛውን ከአማርኛው ቀላቅላ።

ጣቶቼን እሰበስብና እነግራታለሁ። ታላቅየዋ ሰማዩን አየች፤ ደመና አልነበረም። ውሃው ግን የመጣው ከሰማይ አልነበረም።