የመምህር ዳንጊሶ ሰማያዊ ደብተር

ለመምህር ዳንጊሶ ወዳጆችና ተማሪዎች ሁሉ፤ መምህራችን ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። በቀብራቸው ዕለት ብዙ ሰው ስለ ደግነታቸው ተናገረ። እኔ በሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ ይኸው ጻፍኩ፤ መጻፉንም ቢሆን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነበርኩ። መምህር ፊደል ካስቆጠሩን በኋላ የምናነበው ከእጃቸው ከማይለየው ሰማያዊ ደብተር ነበር። የሐዋሳን ታሪክ ይጽፉበታል፦ ቦታው አዳሬ ሲባል ከብት ይውልበት የነበረውን መስክ፣ የመጀመሪያዎቹን ጎጆዎች፣ ማን ከየት እንደመጣ። አንድ ባልደረባቸው «ትናንት ለተቆረቆረች ከተማ ደግሞ ምን ታሪክ አላት?» ቢላቸው፣ «ለዚህ እኮ ነው የምቸኩለው፤ ምስክሮቿ ገና በሕይወት አሉ» አሉት።

ሁለት ምስክር የሌለው ነገር አይጻፍም። የተጻፈውም ለባለጉዳዩ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ባለጉዳዩ ዝም ካለ «ዝምታ ስምምነት አይደለም፤ በቃልህ ንገረኝ» ይሉታል።

አንድ ቀን «የሰፈራችንን የመጀመሪያ ጉድጓድ የቆፈሩት አሥር አለቃ ተሰማ ናቸው» ብለው አነበቡ። አሥር አለቃ ተሰማ አባቴ ናቸው፤ ሰፈሩም ጉድጓዱን በስማቸው ነው የሚጠራው። አንገቴን ደፋሁ።

«ወይዘሮ አልማዝ፣ ልክ ነው?»

ዝም አልኩ።

«ዝምታ…»

«ልክ አይደለም» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ። «አባቴ ግዳጅ ላይ ነበሩ። የቆፈረችው እናቴ ናት።»

«ሁለት ምስክር አምጪ።»

በማግስቱ ከእናቴ ጋር አፈሩን በቅርጫት ሲያወጡ የነበሩ ሁለት ጎረቤቶቻችንን ይዤ መጣሁ። መምህር የራሳቸውን መስመር ሰረዙና እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር የእናቴ ስም ያለበት ነው።

ደብተሩ በበዓል ቀን ባህል አዳራሽ ሊነበብ ሲል የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ገጹን አየና፣ «መምህር፣ የግለሰብ ስም ይውጣ። ‹ሰፊው ሕዝብ ቆፈረው› ይባል» አለ። እናቴ ከደብተሩ ልትወጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ሰፊው ሕዝብማ ጠጣው፣ ጓድ» አሉ መምህር ረጋ ብለው። «የቆፈሩት እማማ ብዙነሽ ናቸው።»

ሊቀ መንበሩ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ስሙም ሳይነካ ተነበበ። መምህር ቀና ብለው ወደ ኋላ ወንበር «እማማ፣ ልክ ነው?» ሲሉ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ዘጠኝ ክንድ መሆኑን አልጻፋችሁም» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መምህር ግን ሳይስቁ እዚያው ቆመው ጻፉት።

ሲታመሙ ደብተሩን ሰጡኝ። «የጎደለ ካለ ሙይበት» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጎደለው የእርሳቸው ስም ነው። ከመናኸሪያ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉትን ዛፎች የተከሉት እርሳቸው መሆናቸው የትም አልተጻፈም። ምስክር ፈለግሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንድ፣ ብስክሌት ጠጋኙ ሁለት። «የችግኝ ውሃ በጀሪካን እየሰቀሉ የብስክሌታቸውን መሪ ያጎብጡት ነበር፤ ስንቴ አቃናሁላቸው መሰለሽ!» አለኝ ጠጋኙ።

መምህር፣ መስመሯን ጽፌ ትናንት መቃብርዎ ዘንድ ጮክ ብዬ አነበብኩልዎ። ዝም አሉ። ዝምታ ስምምነት እንዳልሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ይህችን አንዲቷን ዝምታ ግን እንደ ስምምነት ቆጥሬያታለሁና ይቅር ይበሉኝ። ደህና ይረፉ።