የዶንካ የመስኮት ደፍ

ዶንካ በፕሪሌፕ ከተማ ድንጋይ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቤት እብነ በረድ ስታለሰልስ ኖራ ጡረታ ወጣች። የራሷ ቤት የመስኮት ደፍ ግን ቀለሙ የተላጠ ጣውላ ነበር። ባለፈው መስከረም ቤቷ ሲታደስ ልጇ ብላጎይ ነጭ ፕላስቲክ መርጦ መጣ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ አያስቸግርሽም። በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው።»

«እኔ የምፈልገው እብነ በረድ ነው።»

መስኮት ገጣሚው ጣልቃ ገባ። «እትዬ ዶንካ፣ እብነ በረድ ሎሚ ጠብ ካለበት ይበላዋል። የበርበሬ ድልህ ከነካውማ አይለቅም።»

«ስለ እብነ በረድ ለእኔ ልታስተምር ነው?» አለችና መዳፎቿን ዘረጋችለት። የጣቶቿን አሻራ አሸዋና ውሃ ፍቆ ጨርሶታል። «ይበላው! ይቆሽሽ! እድፉም የራሴ ነው።»

«ግትር!» አለ ብላጎይ።

«ታዲያ አንተ ከማን ወጣህ?»

በማግሥቱ ፋብሪካ ሄዳ ድንጋዩን ራሷ መረጠች፤ ጠርዙንም ግቢዋ ቁጭ ብላ ሁለት ቀን ሙሉ በእጇ አለሰለሰችው። ከተገጠመ በኋላ ክርኖቿን አስደግፋ መንገዱን ስታይ አረፈደች። ብላጎይ ለምሳ ቢጠራትም ዞር አላለችም።

«እዚሁ አምጣልኝ» አለችው።