ወፏ የጠራችው ስም

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሰዓቱን የምጽፈው በግምት አይደለም፤ ፊቴን ልታጠብ ስወጣ የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ የመስኮቱ ደፍ ላይ ሳስቀምጥ አይቼዋለሁ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ያየሁትን ግን እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ልክ አረጋግጬ ልናገር አልቻልሁም።

ቦታው ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ነው። ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ለዘመቻ ከተላክነው ተማሪዎች መካከል አምስታችን ከአቀስታ ተዛውረን ከመጣን ገና አምስተኛ ሳምንታችን ነው። የምናድረው አንዲት ባለ ቆርቆሮ ክዳን የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ከአጠገቧ ባለው መጋዘን ለገበሬ ማኅበሩ የተላከው የዘር ስንዴ ተከማችቷል። በክፉው የረሃብ ዘመን አገሩ ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር በልቶ ስለ ጨረሰ፣ በዚያ ክረምት ብዙው ሰው የሚዘራው ከዚያ መጋዘን የሚደርሰውን ብቻ ነበር። የመዝሪያው ጊዜም ሊያልፍ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል።

ጉም ነበር። ከመጋዘኑ ኋላ ወደ ወንዙ በምትወርደው ቀጭን መንገድ ላይ አንድ ሰው በጀርባው ሸክም ይዞ ሲወርድ አየሁ። ከእኔ ሰባ አራት እርምጃ ይርቅ ነበር፤ ቆይቼ ለክቼዋለሁ። ፊቱን አላየሁም። ጋቢ ተከናንቧል፤ ግራ እግሩን ይጎትታል። ወዲያው ጉሙ ሸፈነው። እኔም በልቤ «እርሱ ነው» አልሁ።

«እርሱ» ያልሁት የመሠረተ ትምህርት ተማሪዬ የነበረ ገበሬ ነው። በዕድሜ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ይበልጠኛል፤ ግራ እግሩን እየጎተተ የትምህርት ቤቱን ዳገት በየቀኑ ይወጣ ነበር። እኔን የሚጠራኝ የቤተ ክህነት መምህር በሚጠራበት ማዕርግ ነው። «የኔታ፣ ዛሬ ጅራፉን አላመጡም?» ይለኝና ክፍሉን ያስቀዋል።

በመጀመሪያ ዓመት የፍልስፍና መግቢያ ተምሬ ነበር። መምህራችን በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጥያቄዎች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ነበር፦ ማወቅ ምንድን ነው? ዓይንን ማመን ይገባልን? ሰው የሚያደርገውን የሚያደርገው ወዶ ነውን? በትምህርቱ ጥሩ ውጤት አግኝቼ ስለ ነበር፣ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሆን መልስ በእጄ ያለ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የገበሬዎቹን ክፍል ላዝናና ብዬ አንድ ዱላ ባልዲ ውኃ ውስጥ አቆምሁና «ይህ ዱላ ቀጥ ያለ ነው ወይስ የተቆለመመ?» ብዬ ጠየቅሁ። ያ ገበሬ ከኋላ ሆኖ «የማን ነው ዱላው?» አለኝ። ለምን እንደሚጠይቅ ብጠይቀው፣ «ባለቤቱን ልጠይቀው ነዋ የኔታ፤ እኔ የሰው ዱላ በውኃ ውስጥ ምን አሳየኝ?» አለ። አብሬ ሳቅሁ፤ መልስ ነው ብዬ ግን አልተቀበልሁትም።

ዓርብ ዕለት ከመጋዘኑ አንድ ኩንታል ስንዴ መጥፋቱ ታወቀ። የቡድናችን መሪ፣ ከእኔ ሁለት ዓመት የሚበልጥ ተማሪ፣ ስብሰባ ተጠርቶ ሌባው በአደባባይ እንዲጋለጥ ፈለገ። ሽማግሌዎቹ ግን በአገሩ ወግ አውጫጭ ይቀመጥ አሉ። መሪያችን የፊውዳል ርዝራዥ ነው ብሎ ጥቂት ከተከራከረ በኋላ ፈቀደ።

አውጫጭ እንዲህ ነው። የቀበሌው ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። የተመረጡ ሽማግሌዎች ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሰው በተራ ቀርቦ ያየውን ወይም የሰማውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ ያላየ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ያልፋል። ስም የተናገረው ሰው ማንነት አይገለጥም፤ ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ተነሥተው «ወፏ እገሌን ብላለች» ይላሉ። ወፏ ማን እንደ ሆነች የሚጠይቅ ነውረኛ ነው። ወፏ እንዴት እንዳወቀችም አይጠየቅም።

አውጫጩ የተደረገው ቅዳሜ ሐምሌ 5 ነው፤ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት፣ በሬ የማይጠመድበት ቀን ስለ ሆነ። ሰዉ ከጧት ጀምሮ ሳይበላ ሜዳው ላይ ተቀምጧል። አጠገቤ የነበረው አንድ ገበሬ ሌባው ስንዴውን ሳይሆን የእኛን ፍስክ እንደ ሰረቀ እየማለ ይናገር ነበር። እኛ ዘማቾችም ከሕዝቡ እንዳንለይ ተብሎ በተራችን ቀረብን። ተራዬ ሲደርስ በሽማግሌዎቹ ፊት ተንበርክኬ፣ አንድ ሰው ማየቴን፣ ጉም እንደ ነበረ፣ ርቀቱን፣ ፊቱን አለማየቴን፣ በአካሄድ ብቻ ሰውን መለየት እንደሚያሳስት፣ መምሰልና መሆን የተለያዩ መሆናቸውን በቅደም ተከተል አስረዳሁ። የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እንዲህ ወሬዋ የረዘመ ወፍ ሰምተን አናውቅም። ስሙ ማነው?»

ስሙን ተናገርሁ። ጥርጣሬዬን ሁሉ አስቀድሜ ስለ ዘረዘርሁ፣ ስሙ ብቻውን ጉዳት የሚያደርስ አልመሰለኝም። ስሕተቴ ይህ ነው። የሰጠኋቸው የተመዘነ አስተያየት ነበር፤ ወጉ ግን ስምን ብቻ የሚያሳልፍ ወንፊት ስለ ሆነ፣ ጉሙም ርቀቱም እኔ በተንበረከክሁበት ቦታ ቀሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቃው ተነሥተው የገበሬውን ስም ጠሩ። እርሱ ቀስ ብሎ ቆመ። «ምን ዓይነት ወፍ ናት?» አለ፤ «ጥሬ የምትወድ ከሆነች መጀመሪያ ማንቁርቷን ፈትሹ።» ሰዉ ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹም ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። ቀጥሎ ፍርዱ ተነገረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ «አልወሰድሁም» ብሎ ይምላል፤ ካልማለ ሌብነቱን እንዳመነ ተቆጥሮ የዘር ድርሻው ለጠፋው ምትክ ይያዛል።

ሰዉ ሲበተን ዳገቱ ላይ ቆሜ እመለከት ነበር። የቀበሌው ወንዶች በአንድነት ሲራመዱ ያየሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እግራቸውን የሚጎትቱ ዐሥራ አንድ ሰዎች ቆጠርሁ። ከእነርሱ ሦስቱ ግራ እግራቸውን የሚጎትቱበት አኳኋን ከተማሪዬ የሚለይ አልነበረም። ስለ ፍስኩ ሲያማርር የዋለውን ገበሬ ይህ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። በክፉው ዘመን ሌላ እህል ሲያልቅ ጓያ ብቻ እየበሉ የከረሙ ሰዎች መሆናቸውን፣ ጓያ ሲበዛ እግርን እንደሚይዝ ነገረኝ። ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ ገርሞት አየኝ። እነዚያ ሰዎች ወደ ትምህርት ቤቱ ዳገት አይወጡም፤ በገበያም ያየኋቸው ተቀምጠው ነው። እግር የሚጎትት ሰው ያወቅሁት አንድ ብቻ ስለ ነበር፣ እግር የሚጎትት ሁሉ እርሱ ሆነብኝ።

ይህን እያሰብሁ ሳለ ራሱ መጣና ጾሙን ከእነርሱ ጋር እንድፈታ ወደ ቤቱ ጋበዘኝ። ሄድሁ። ሚስቱ እርጎ አቀረበች። «አብሽሩ የኔታ፣ ይብሉ» አለኝ፤ «ወፍ የከሰሰችው ሰው እርጎ አይመርርም።» ነገ ይምል እንደ ሆነ ጠየቅሁት። አይምልም። አባቱ በድንበር ክርክር አንድ ጊዜ ምሎ በዚያው ዓመት ሁለት ልጆች ቀብሯል፤ ከዚያ ወዲህ በቤታቸው መሐላ የለም። አባቱ የማለው በሐሰት ነበርን ብዬ ጠየቅሁ።

«በእውነት ነው የማለው» አለኝ። «እውነት መሆኑ ምን ጠቀመው?»

ወፏ እኔ መሆኔን ሳልነግረው እርጎውን ጨርሼ ወጣሁ።

እሑድ ማለዳ ለቡድን መሪያችን ሁሉንም አስረዳሁትና በአደባባይ ቆሜ ቃሌን ልመልስ ነው አልሁት። ከለከለኝ። ዘማች በሽማግሌ ፊት የተናገረውን ሲያጥፍ ሕዝቡ እምነት ያጣል፤ ደግሞም ታሪክ የሚጓዘው በራሱ ሕግ ነው፣ የአንድ ሰው መውደድና አለመውደድ አይለውጠውም አለ። ይህን እኔም አምንበት ነበር፤ ሁላችንም እንዲሁ እናምን ነበር። ሰው የሁኔታው ውጤት ከሆነ፣ ስሙን የተናገርሁት ጉሙና አምስቱ ሳምንት ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም ማለት ነው። በዚያች ጧት ይህ ሐሳብ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ አየሁ። ስላሳረፈኝም ጠረጠርሁት።

ከቅዳሴ በኋላ ገበሬው ደጃፉ ላይ ተጠርቶ «አልምልም» አለ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ወፏ እኔ እንደ ነበርሁ፣ ያየሁትን ሰው እንደማላውቀው፣ የተናገርሁት ስም ስሕተት መሆኑን ተናገርሁ። ጠብቄው የነበረው ቁጣ ነው። የመጣው ግን ሳቅ ነበር። ከሰዉ መሐል አንዱ «እርጎው ነው የሚናገረው» አለ፤ ትናንት የት እንደ በላሁ ሁሉም ያውቃል። አለቃው እጃቸውን አንሥተው ሰዉን ዝም አሰኙ።

«ወፍ መልክ የላትም» አሉኝ፤ ድምፃቸው ርኅራኄ ነበረበት። «ወፏ ትናንት ተናግራ ሄዳለች። አሁን የቆምኸው አንጀትህ የተላወሰ ልጅ ነህ። ተቀመጥ ልጄ።»

«አባቴ፣ አንቱው ነዎት በጆሮዎ የሰሙኝ» አልኋቸው።

«እኔ የሰማሁት ወፍ ነው» አሉ፤ ነገሩም በዚህ ተዘጋ። እየተጠራጠርሁ የተናገርሁት እንደ እውቀት ተቆጠረ፤ አጣርቼ የተናገርሁት እንደ ርኅራኄ። ሰውየው ዘሩን አጣ። የስንዴ ጊዜ አለፈ፤ የጎረቤቶቹ ማሳ ሲለመልም የእርሱ ባዶውን ከረመ። ከቀለቤ ቀንሼ ልሰጠው ብሞክር ሚስቱ በጨዋነት መለሰችው።

በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ማሳው ላይ አገኘሁት። በእርጥቡ ጥቁር መሬት ላይ ጓያ ይዘራል። ያን ጊዜ ያለ ዝናብ በቅሎ የሚደርስለት፣ ዘሩንም በብድር ያገኘው፣ ጓያ ብቻ ነበር። ወደ ክፍል መምጣት ካቆመ ሁለት ወር አልፎታል። ሰላምታዬን ተቀበለ። ቁናውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ «አንተ ተማሪ» አለኝ፤ ማዕርጉን ትቶታል። «ስሜን የጠራኸው ወደህ ነው ወይስ ግድ ሆኖብህ?»

ስለ ተጠየቅሁ እንደ ሆነ፣ ያየሁትን መደበቅ ውሸት መስሎኝ እንደ ነበር ነገርሁት።

«ሌላውም ተጠይቋል» አለ። «ያ ሁሉ ሰው አላየሁም እያለ ሲያልፍ ውሏል። ስንቱ አይቶ ይሆን ያለፈው? አንተም ማለፍ ትችል ነበር።»

ማለፍ እችል ነበርን? እርሱ ቁናውን አንሥቶ እግሩን እየጎተተ ጥቂት ትልሞች ሄደና ዞረ።

«እሺ፣ ይህን ንገረኝ። እኔ ይህን ጓያ የምዘራው ወድጄ ነው?» አለ። «ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ግድ ነው እንዳልል፣ ማሳውን ጦም አሳድሬ ወደ ወረኢሉ ለልመና መውረድ እችላለሁ። ወድጄ ነው እንዳልል ደግሞ ዘሬን ያሳጣኸኝ አንተ አለህ። አንተ ተምረሃል፤ የቱ ነው?»

ቁናውን ታቅፎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በጥር ወር 1968 ከዚያ ቀበሌ ስንዛወር ጓያው ገና አልታጨደም ነበር። ስንዴውን የወሰደው ሰው አልታወቀም። ያን ጧት ያየሁት ሰው የተሸከመው ስንዴ ይሁን ማገዶ አላውቅም፤ ማን እንደ ነበረም አላውቅም፤ ተማሪዬ አልነበረም ብዬ መማልም አልችልም። ያን ጓያ ይብላው፣ ይሽጠው፣ የሰማሁት የለም። ለጥያቄው እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠሁም።