የጋሼ ሞላ ሞተር ፍሬን

ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ጫማ ሰፊ ቆዳ በጋለ ብረት ሲተኩስ ሽታው ባለሁበት አቆመኝ።

አባቴ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጋሼ ሞላ የሚነዱት አሮጌ የጣሊያን ሞተር ፍሬኑ ያለቀ ጊዜ፣ "የሠራው ፋብሪካ እኮ መኪና ሲረክስ ገዢ አጥቶ ተዘግቷል። ዕቃ ከየት ላምጣልዎ?" አላቸው።

"ዛሪማ በወባ የወደቁ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው፤ እንደምንም አድርግልኝ" አሉት።

አባቴ ያለችውን አንድ ጥንድ ጫማ የቆዳ ሶሏን ቆርጦ ፍሬኑ ላይ ለጠፈው።

ጋሼ ሞላ በማግስቱ ወደ ዛሪማ ሲወርዱ የሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ከሞተሩ ወድቀው ሞቱ። ልቅሶው ላይ የሟች ፈረስ በሚቆምበት ቦታ ሞተሩን አቁመው ነጭ ጋዋናቸውን አለበሱት። አስለቃሿ፣ "ጌታህን የት ጥለኸው መጣህ?" እያለች ሞተሩን ትጠይቀዋለች። ደግፎ የያዘው አባቴ ነበር። ጠጋ ስል ከጎማው የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ።

"ፋብሪካው ቢኖር የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም ነበር" አለኝ ቀስ ብሎ። ያኔ አልገባኝም።

ለቀስተኛው ግን የአባቴን ባዶ እግር አይቶ፣ "ምን ያለ ወዳጅ ነው! ጫማውን ሳያደርግ ሮጦ መጣ" ይል ነበር።

"እህቴ፣ ሶልሽ አልቋል፤ ልቀይርልሽ?" አለኝ ጫማ ሰፊው።

እግሬን ሰበሰብኩ።